መውጫው ላይ የሚጠይቅ የለም

የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2023 ወደ አትላንታ መብረር ከጀመረ ወዲህ በኖርዝ ድሩይድ ሂልስና በአካባቢው ለሚኖረው ሐበሻ አገር ቤት ደርሶ መመለስ በጣም ቀሎታል። ድሮ በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት ዞሮ ይሄድ የነበረ ሰው ዛሬ ብራያርክሊፍ መንገድ ላይ ካለው አፓርትመንቱ ሻንጣውን ጭኖ ይወጣና በማግስቱ ቦሌ ይወርዳል። ይህ በተለይ ለወላጆቻችን ትልቅ ጸጋ ነው። ልጆቻቸው ዜግነት አግኝተው፣ አመልክተው፣ ግሪን ካርድ አስይዘው ያመጧቸው እናቶችና አባቶች ከአውሮፕላን አውሮፕላን ለመቀየር በማያውቁት ከተማ መንከራተት ቀርቶላቸዋል።

እኔን ያሳሰበኝ ከዚህ ቅለት ጋር አብሮ የመጣው መዘናጋት ነው። ትኬቱ ሲቆረጥ ስለ ሻንጣ ኪሎ እንነጋገራለን፣ ለማን ምን እንደሚላክ እንነጋገራለን፣ ስለ መመለሻው ግን «ሲመቻት ትመጣለች» ብለን እናልፈዋለን። ሃርትስፊልድ-ጃክሰን አውሮፕላን ማረፊያ ስንደርስም ይህን መዘናጋት የሚሰብር ነገር አይገጥመንም። ከአሜሪካ የሚወጣ መንገደኛ የሚቆምበት የኢሚግሬሽን መስኮት የለም፤ ማኅተም የሚመታ፣ «መቼ ትመለሻለሽ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው የለም። የአየር መንገዱ ሠራተኛ ፓስፖርት ታያለች፣ ፍተሻው ይታለፋል፣ ጉዞ ይጀመራል።

ማኅተም ስላልተመታ ግን አልተመዘገበም ማለት አይደለም። የተሳፋሪው ዝርዝር ከአየር መንገዱ ለመንግሥት ይተላለፋል፤ የመውጫው ቀን ከዚያ ይያዛል። የጉምሩክና የድንበር ጥበቃ መሥሪያ ቤቱ የሚወጡ መንገደኞችን ፊት በካሜራ መለየትን የሞከረው እዚሁ አትላንታ ነው፤ ሙከራው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በሰኔ 2016 ነበር። እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 26 ቀን 2025 ጀምሮ ደግሞ ግሪን ካርድ ያለውን ጨምሮ ማንኛውንም ዜጋ ያልሆነ ሰው ሲገባም ሲወጣም ፎቶ ማንሣት የሚፈቅድ ደንብ ሥራ ላይ ውሏል። አንዲት እናት ከአትላንታ የወጣችበት ቀን እሷ ብትረሳውም ኮምፒውተሩ አይረሳውም።

ብዙዎቻችን መንግሥትን የምናውቀው በር ላይ ቆሞ ነው። በደርግ ዘመን ፓስፖርት ማግኘቱ አንድ ጣጣ፣ የመውጫ ቪዛው ሌላ ጣጣ ነበር። ጅዳና ሪያድ ሠርተው የመጡ እህቶቻችን ደግሞ «ኹሩጅ» (የመውጫ ፈቃድ) የምትባለውን ቃል አሳምረው ያውቋታል፤ ካፊል የሚባለው አሠሪ ካልፈቀደ የእናትን ለቅሶ እንኳ መድረስ አይቻልም ነበር። ሳውዲ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2021 ለብዙ ሠራተኞች ይህን ስታላላ የቤት ሠራተኞቹን አላካተተችም። ኳታር የመውጫ ፈቃዱን እ.ኤ.አ. በ2018 ለአብዛኛው ሠራተኛ፣ በ2020 መጀመሪያ ደግሞ ለቤት ሠራተኞች አንሥታለች። ራቅ ብሎ ታይላንድን ያየ ሰው ሌላ ዓይነት ሥርዓት ያገኛል፦ በረጅም ቪዛ የተቀመጠ የውጭ ሰው በየ90 ቀኑ ያለበትን አድራሻ ለኢሚግሬሽን ያሳውቃል፣ ከመውጣቱ በፊት የመመለሻ ፈቃድ ካልያዘም የነበረው የመቆያ ፈቃድ እዚያው ያበቃል። ይህ ሁሉ ያስመርራል፤ ነገር ግን ሰውየው ግዴታ እንዳለበት ያውቃል።

አሜሪካ ግዴታውን ከመውጫው በር ላይ አንሥታ ወደ ፖስታ ሳጥንና ወደ መመለሻው መስኮት ወስዳዋለች። እኛ የምንጎዳውም እዚያ ነው።

ከፖስታ ሳጥኑ ልጀምር። በሕጉ መሠረት ዜጋ ያልሆነ ሰው፣ ግሪን ካርድ ያለውም ጭምር፣ ቤት በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ አዲሱን አድራሻውን ለኢሚግሬሽን ማሳወቅ አለበት። ነፃ የሆኑት ዲፕሎማቶች፣ የዓለም አቀፍ ድርጅቶች ተወካዮችና ያለ ቪዛ እንዲገቡ የተፈቀደላቸው አገሮች ጎብኚዎች ናቸው። ቅጹ ኤአር-11 ይባላል። ስም፣ የትውልድ ቀን፣ ኤ-ነምበር የምንለው የኢሚግሬሽን መለያ ቁጥር፣ የድሮው አድራሻ፣ የአሁኑ አድራሻ፤ ይኸው ነው። ክፍያ የለውም፣ በስልክ ቡና እስኪፈላ ተሞልቶ ያልቃል። አለማሳወቁ ግን በሕጉ ላይ ወንጀል ተብሎ ተጽፏል፦ መቀጮ፣ እስከ 30 ቀን እስር፣ በቂ ምክንያት ከሌለውና ሆን ተብሎ የተደረገ ከሆነ ደግሞ ከአገር መባረር ድረስ።

እዚህ ሰፈር ቤት መቀየር የዓመት ልማድ ነው። ሊዙ ሲያልቅ ኪራዩ ይጨምራል፤ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደ ክላርክስተን፣ ወደ ታከር፣ ወደ ስቶን ማውንቴን፣ ወደ ሎውረንስቪል ይሄዳል። በአፓርትመንቶቹ የፖስታ ሳጥኖች ሥር፣ ከሱፐርማርኬት ማስታወቂያዎች ጋር ተደባልቀው የቀሩ ደብዳቤዎችን ቆም ብሎ ያየ ሰው የኛን ስሞች ያነባል። ነጭ ፖስታ፣ በመስኮቱ የሚታይ የአባትና የአያት ስም፣ በላይኛው ግራ ጥግ የኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ አርማ። ተከራዩ ከወጣ ወራት አልፈዋል። ውስጡ የአሻራ ቀጠሮ ሊሆን ይችላል፣ «ተጨማሪ ማስረጃ አምጣ» የሚል ቀን የተቆረጠለት ደብዳቤ ሊሆን ይችላል። ያ ሰው ኬዙ ለምን እንደተዘጋ ሲገረም ይኖራል፤ «ዕድሌ ነው» ይላል፤ ጠበቃው ላይ ያማርራል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን ነገር ግልጽ አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። ፖስታ ቤት ሄዶ አድራሻ ማስቀየር ኢሚግሬሽንን ማሳወቅ አይደለም። መንጃ ፈቃድ ላይ ማስቀየርም አይደለም። ኢሚግሬሽንን ማሳወቅም ፍርድ ቤቱን ማሳወቅ አይደለም፤ ኬዙ አትላንታ መሀል ከተማ ባለው የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የተያዘ ሰው ኢኦአይአር-33 የሚባለውን ሌላ ቅጽ በ5 ቀን ውስጥ ማስገባት አለበት። ያን ካላደረገ የቀጠሮው ደብዳቤ ለድሮው ቤት ይላካል፣ እሱ አይቀርብም፣ ዳኛው በሌለበት ከአገር ይውጣ ብሎ ይወስናል። ኤሞሪ ወይም ጆርጂያ ቴክ በተማሪ ቪዛ የሚማር ልጅ ደግሞ በ10 ቀን ውስጥ የሚያሳውቀው ለትምህርት ቤቱ የውጭ ተማሪዎች ቢሮ ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ የማይታወቀው የስፖንሰሩ ግዴታ ነው። እናቱን፣ ሚስቱን ወይም ወንድሙን ለማምጣት የገቢ ዋስትና የፈረመ ሰው፣ ሰማያዊ ፓስፖርት ያለው ዜጋ ቢሆንም፣ ቤት ሲቀይር በ30 ቀን ውስጥ አይ-865 በሚባል ቅጽ የማሳወቅ ግዴታ አለበት። መቀጮው ከ250 እስከ 2,000 ዶላር ነው፤ ያመጣው ሰው የመንግሥት እርዳታ መውሰዱን እያወቀ ካላሳወቀ ደግሞ ከዚያም ይበልጣል። ይህን ቅጽ ሞልቶ የሚያውቅ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም፤ ስም ሰምቶ የሚያውቅም እንዲሁ።

ሌላም አለ። ልጅ ግሪን ካርዷን ከያዘች በኋላ 14 ዓመት ሲሞላት በ30 ቀን ውስጥ በአይ-90 ቅጽ እንደገና መመዝገብና አሻራ መስጠት አለባት። ዕድሜው 18 የደረሰ ሰው ደግሞ ካርዱን ሁልጊዜ መያዝ አለበት፤ ቤት መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ ፎቶውን በስልክ መያዝ ሕጉን አያሟላም። እነዚህ አንቀጾች ለብዙ ዓመታት ማንም ሲያስፈጽማቸው ስለማይታይ ሰው ረስቷቸው ነበር። እ.ኤ.አ. ከጥር 2025 ወዲህ ግን ምዝገባን በጥብቅ ለማስፈጸም ፕሬዚዳንታዊ ትእዛዝ ወጥቷል፤ ከሚያዝያ 11 ቀን 2025 ጀምሮም ፈጽሞ ያልተመዘገቡ ሰዎች የሚመዘገቡበት አዲስ ቅጽ ሥራ ላይ ውሏል። ተኝቶ የነበረ ሕግ ሲነቃ መጀመሪያ የሚያገኘው ያልሰማውን ሰው ነው።

የሕጉ ሥር ሩቅ ነው። የውጭ ዜጎች ምዝገባ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1940፣ ጦርነት ባንዣበበበት ጊዜ ነው። የ1952ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ አጸናው። እስከ 1981 ድረስም ዜጋ ያልሆነ ሁሉ፣ ቤት ቀየረም አልቀየረ፣ በየዓመቱ ጥር ላይ አድራሻውን በካርድ ያሳውቅ ነበር፤ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ እዚህ አገር የተማሩ ኢትዮጵያውያን ሁሉ ይህ ግዴታ ነበረባቸው። ጊዜው አስቸጋሪ ቢሆንም ያ አሠራር አንድ በጎ ነገር ነበረው፦ ወሩ የታወቀ ነበር፤ ጥር ሲመጣ አንዱ ተማሪ ሌላውን ያስታውሰው ነበር ብዬ አምናለሁ። የዛሬው ግዴታ የሚቆጠረው እያንዳንዱ ሰው ቤት ከቀየረበት ቀን ስለሆነ አስታዋሽ የለውም። ከመስከረም 11 ጥቃት በኋላ እ.ኤ.አ. በ2002 የተጀመረው ልዩ ምዝገባ ደግሞ ከ25 አገሮች የመጡ ወንዶችን ሲገቡ እንዲመዘገቡ፣ ሲወጡም በተወሰኑ በሮች ብቻ እንዲወጡ ያስገድድ ነበር። ኢትዮጵያ ከዝርዝሩ አልነበረችም፣ ኤርትራ ግን ነበረች። ያ ምዝገባ እ.ኤ.አ. በ2011 ቆሞ፣ ደንቡ በ2016 መጨረሻ ተሰርዟል። እዚህ አገር መውጫው ላይ ጥያቄ እንዳይኖር የወሰነ ዘላለማዊ ነገር እንደሌለ ለማሳየት ነው ያነሣሁት።

አሁን ወደ መመለሻው መስኮት ልሂድ፤ ይህን ጽሑፍ ያስጀመረኝ እሱ ነው።

በኛ ሰው ዘንድ ሥር የሰደደ አንድ እምነት አለ፦ «ግሪን ካርድ በዓመት አንዴ እግር ካስነኩ አይሞትም።» ሌላው «በየስድስት ወሩ» ይላል። በዚህ እምነት ተመርተው ብዙ ወላጆች ኑሯቸው አዲስ አበባ፣ ባሕር ዳር ወይም ደሴ ሆኖ በዓመት ሁለትና ሦስት ሳምንት አትላንታ ደርሰው ይመለሳሉ። ልጆቹም እንደ ጉብኝት ቪዛ ያዩታል። ሕጉ የሚለው ግን ሌላ ነው። ግሪን ካርድ እዚህ ለመኖር የተሰጠ ፈቃድ ነው። ከ180 ቀን በላይ ውጭ የቆየ ሰው ሲመለስ እንደ አዲስ ለመግባት እንደሚጠይቅ ሰው ሊመረመር ይችላል። አንድ ዓመት ከሞላው ካርዱ ብቻውን ለመግቢያ አይበቃም። ከስድስት ወር በታች የቆየ ሰውም ቢሆን ቤቱ፣ ሥራው፣ ቤተሰቡ፣ ግብሩ የት እንደሆነ ሊጠየቅ ይችላል፤ መመዘኛው ጉዞው ጊዜያዊ ነበር ወይስ አልነበረም የሚለው ነው።

ካናዳ በዚህ በኩል ለሰው የተሻለ ሕግ አላት ብዬ አስባለሁ። ቶሮንቶ ያለች አክስታችን በአምስት ዓመት ውስጥ 730 ቀን ካናዳ ውስጥ ማሳለፍ እንዳለባት ታውቃለች፤ የቀን መቁጠሪያ ላይ ምልክት ማድረግ ትችላለች። እንግሊዝም ለቋሚ ነዋሪ ሁለት ዓመት ብላ ቆርጣለች። አሜሪካ ግን ልብን ትመረምራለች። የአንዲትን የሰባ ዓመት እናት ልብ ደግሞ በማታውቀው ቋንቋ፣ ከረጅም በረራ በኋላ፣ ጠባብ ክፍል ውስጥ።

የሚደጋገመው ታሪክ ይህን ይመስላል። እናት የልጅ ልጅ ለመጠበቅ ትመጣለች። ጥቂት ወራት ትቆይና አገር ቤት ባሏ ይታመማል፤ ትሄዳለች። ያርፋል። አርባው ይወጣል፤ «እስከ ሰማንያው ልቆይ» ትላለች፤ ከዚያ የውርስ ጉዳይ ወረዳ ፍርድ ቤት ይገባል፤ ሙት ዓመት ይደርሳል። አትላንታ ያለችው ልጅ ስልክ ስትደውል «እማዬ፣ ተረጋጊ፣ ጉዳይሽን ጨርሺ» ትላለች፤ ልጅ እናቷን እንዲህ ባትል ነበር የሚገርመው። እናት ስትመለስ መግቢያው ላይ ያለው ሠራተኛ ፓስፖርቱን ያይና ወደ ሌላ ክፍል ይልካታል። እዚያ የሚጠይቋት ነገር ቀላል ይመስላል። «የት ነው የሚኖሩት?» እሷ የሐቀኛ ሰው መልስ ትመልሳለች፦ «አዲስ አበባ፤ ልጄን ልጠይቅ ነው የመጣሁት።» ከዚህ መልስ በኋላ አንድ ወረቀት ፊቷ ይቀመጣል።

ያ ወረቀት አይ-407 ይባላል። «የቋሚ ነዋሪነት መብቴን በፈቃዴ ትቻለሁ» የሚል ነው። አንድ ፊርማ የልጆቿን ስንት ዓመት የጠበቀ ማመልከቻ፣ ስንት ሺህ ዶላር፣ ስንት የሕክምና ምርመራና ቃለ መጠይቅ ይደመስሳል። እናቶቻችን ደግሞ የመንግሥት ሰው «ፈርሚ» ሲላቸው መፈረም የለመዱ ናቸው፤ በሕይወታቸው ያለ ፊርማና ያለ አሻራ ያለፈ ጉዳይ አያውቁም። ስለዚህ ይህን ሁሉም ቤተሰብ ሊያውቀው ይገባል፦ ያን ወረቀት መፈረም ግዴታ አይደለም። ማንም ሰው አልፈርምም ብሎ ጉዳዩ በኢሚግሬሽን ዳኛ እንዲታይለት የመጠየቅ መብት አለው። ዳኛው ፊት ሲቀርብ ደግሞ የማስረዳት ሸክም የመንግሥት ነው፤ ነዋሪነቷን መተዋን በግልጽና በአሳማኝ ማስረጃ ማሳየት ያለበት እሱ ነው። የኢሚግሬሽን ይግባኝ ቦርድ እ.ኤ.አ. በ1988 በሰጠው የታወቀ ውሳኔ ይህ ሸክም የማን እንደሆነ ግልጽ አድርጓል። የዘገየችበት ምክንያት ሞት፣ ሕመም፣ የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ የመንገድ መዘጋት ከሆነ ይህ ሁሉ በወረቀት ሊቀርብ ይችላል። የሞት የምስክር ወረቀት፣ የሐኪም ደብዳቤ፣ የፍርድ ቤት ቀጠሮ ከሻንጣው ሥር ሳይሆን ከእጅ ቦርሳው ውስጥ ይቀመጥ።

አስተርጓሚ መጠየቅም ይቻላል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2024 መጨረሻ በኖርዝ ድሩይድ ሂልስ መንገድና በአይ-85 መገናኛ ላይ የተከፈተው ትልቁ የሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ልጃችንን ይዘን ስንገባ የአማርኛ አስተርጓሚ ስንጠይቅ አናፍርም። በመግቢያው የምርመራ ክፍል ውስጥም «አማርኛ» የምትለዋን አንድ ቃል ደጋግሞ መናገር መብት ነው። እናቶቻችን ግን በተሰባበረ እንግሊዝኛ «የስ፣ የስ» ማለትን እንደ ጨዋነት ይቆጥሩታል። ያ «የስ» የት እንደሚያደርስ ቀድመን ልንነግራቸው የሚገባን ልጆቻቸው ነን።

ይህ ሁሉ እንዳይደርስ የሚያደርግ ወረቀት አለ። ሪ-ኤንትሪ ፐርሚት ይባላል። ግሪን ካርድ ያለው ሰው ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ እንደሚችል ካሰበ ከመውጣቱ በፊት በአይ-131 ቅጽ ያመለክታል፤ እስከ ሁለት ዓመት የሚያገለግል የመመለሻ ፈቃድ ያገኛል። ክፍያው እ.ኤ.አ. ከሚያዝያ 2024 ጀምሮ 630 ዶላር ነው። ዋናው ነገር ማመልከቻው ሲገባ ሰውየው አሜሪካ ውስጥ መሆን አለበት፤ አገር ቤት ሆኖ ማመልከት አይቻልም። የአሻራ ቀጠሮም እዚሁ ነው የሚመጣው። አሻራውን ከሰጠ በኋላ ግን መሄድ ይችላል፤ ፈቃዱ አዲስ አበባ ባለው የአሜሪካ ኤምባሲ በኩል እንዲደርሰው ቅጹ ላይ ይመርጣል። ፈቃዱ ለመግባቱ ዋስትና አይደለም፤ ሆኖም «ለመመለስ አስቤ ነው የወጣሁት» የሚለውን ቃል ከመውጣቱ በፊት በጽሑፍ ያስቀምጥለታል። የትኬት ብር ያዋጣ ቤተሰብ ይህን 630 ዶላር አብሮ ቢያዋጣ ብዙ እንባ ይቀራል።

ዓመቱ ካለፈ በኋላ ያለው መንገድ ጠባብ ነው። እንጦጦ መንገድ ካለው ኤምባሲ የተመላሽ ነዋሪ ቪዛ መጠየቅ ይቻላል፤ ማመልከቻው 180 ዶላር ይከፈልበታል፤ የዘገዩት ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት መሆኑን ማሳየት የአመልካቹ ሥራ ነው። እዚያ ላይ ሸክሙ ይገለበጣል።

ዜግነት የሚጠብቅ ሰውም ቀኑን መቁጠር አለበት። ከስድስት ወር በላይ ውጭ መቆየት ለዜግነት የሚጠየቀውን የአምስት ዓመት ነዋሪነት ተከታታይነት እንዳቋረጠ ያስቆጥራል፤ ተቃራኒውን ማስረዳት የእሱ ፈንታ ይሆናል። ዓመት ከሞላ ያለ ክርክር ይቋረጣል። ሪ-ኤንትሪ ፐርሚቱ ከዚህ አያድንም። የግሪን ካርድ ማመልከቻው ገና ያላለቀ ሰው ደግሞ ያለ ቅድሚያ ፈቃድ ከወጣ አብዛኛውን ጊዜ ማመልከቻውን እንደተወ ይቆጠርበታል። በአሳይለም የኖረ ሰው የስደተኛ የጉዞ ሰነድ ሳይዝ አይውጣ፤ ወደ ሸሸበት አገር መመለሱ ራሱ የጥገኝነቱን መሠረት ሊያናጋ እንደሚችልም ጠበቃ ጠይቆ ይወቅ።

ልጆቹ ለምን ይህን አያውቁም ብዬ ደጋግሜ አስቤበታለሁ። አንዱ ምክንያት ለእነሱ ጉዳዩ ያበቃ መምሰሉ ነው። ዜግነት የወሰደ ሰው ኤአር-11 አይመለከተውም። አገር ቤትም ሲሄድ ቢጫ ካርድ አለው፤ በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ 270 ለትውልደ ኢትዮጵያውያን ያለ ቪዛ መግባትን፣ ያለ መኖሪያ ፈቃድ መቀመጥን፣ ያለ ሥራ ፈቃድ መሥራትን ሰጥቷል። ስለዚህ ልጅ በሁለቱም በኩል በሩ ተከፍቶለት ይመላለሳል። እናት ግን በኢትዮጵያ ፓስፖርትና በአሜሪካ ግሪን ካርድ መካከል ቆማለች። በአንድ አውሮፕላን፣ ጎን ለጎን ተቀምጠው ይመጣሉ፤ ሲደርሱ ግን የሚጠብቃቸው ጥያቄ አንድ አይደለም። በቤቱ ውስጥ እንግሊዝኛ የምትችለው የኤአር-11 ግዴታ የለባትም፤ ግዴታው ያለባት እንግሊዝኛ አትችልም።

እርጅናዋን አገሯ ላይ ማሳለፍ የምትፈልግ እናትም አለች፤ ብዙዎቹ ይህን ይፈልጋሉ፣ ልጆቻቸው እንዳያዝኑባቸው ዝም ይላሉ። እሷን በየስድስት ወሩ ማመላለስ ለእሷም ለካርዱም አይበጅም። በሰላም ተነጋግሮ፣ በጊዜው፣ ራሷ ፈልጋ ካርዱን መመለስና ወደፊት በጉብኝት ቪዛ መምጣትን መሞከር ይቻላል። የጉብኝት ቪዛው ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 2025 ጀምሮ ለኢትዮጵያውያን የሚሰጠው አብዛኛው የጉብኝት ቪዛ ለአንድ ጊዜ መግቢያና ለሦስት ወር ብቻ የሚያገለግል ሆኗል። ቢሆንም እውነተኛ ፈቃዷ ይጠየቅ። ካርዱን ብዙ ዓመት ይዞ ለቆየ ሰው ከመመለሱ በፊት የታክስ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል፤ ከ15 ዓመት ውስጥ ቢያንስ በ8ቱ ግሪን ካርድ የነበረው ሰው ሲተው ለግብር መሥሪያ ቤቱ ለአይአርኤስ የሚሞላው የተለየ ቅጽ አለ።

መንግሥትንም ሳልወቅስ ማለፍ አልፈልግም። በ10 ቀን ውስጥ ካላሳወቅህ ወንጀለኛ ነህ የሚል ሕግ ያወጣ አገር፣ ግሪን ካርዱን በፖስታ ሲልክ ይህን ግዴታ በሰውየው ቋንቋ አንድ ገጽ ጽፎ ማያያዝ ይችላል። መብትን በፊርማ የሚያስተው ወረቀትም ፈራሚው ይዘቱን በቋንቋው ሳይሰማ መፈረም የለበትም። የዴካልብ ካውንቲና የምክር ቤት ተወካዮቻችን ዘንድ ቀርቦ ይህን መጠየቅ ዜግነት ያገኘነው የኛ ሥራ ነው፤ እናቶቻችን ድምፅ የላቸውም፣ እኛ አለን።

እስከዚያው በእጃችን ያለውን እናድርግ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ የሚነበበው ማስታወቂያ ላይ ስለ ኤአር-11 ሁለት ዓረፍተ ነገር ይጨመር። ዕድርና ማኅበር ለለቅሶ ወደ አገር ቤት የሚሄድ አባል ሲሸኝ ገንዘቡን ከመስጠቱ በፊት ስለ መመለሻ ፈቃዱ ይጠይቅ። ታክስ የሚሠሩልን ሰዎች በየዓመቱ አድራሻችንን ይጠይቃሉ፤ «ኢሚግሬሽንንስ አሳውቀሃል?» ቢሉ ሌላ ወጪ የለበትም። ትኬት የሚቆርጡልን ወገኖቻችን ደግሞ መመለሻው ክፍት የሆነ ትኬት ለግሪን ካርድ ባለቤት ሲሸጡ «ምን ያህል ጊዜ ይቆያሉ?» ብለው ይጠይቁ፤ መልሱ «እንጃ» ከሆነ ከትኬቱ በፊት የአይ-131 ጉዳይ ይቅደም።

ለሚሄዱት እናቶችና አባቶች ደግሞ አንድ ወረቀት እናዘጋጅ፤ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በእንግሊዝኛ። የምኖረው ከልጄ ጋር በዚህ አድራሻ ነው፤ የሄድኩት ለዚህ ጉዳይ ነው፤ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ፤ ያልገባኝን ወረቀት አልፈርምም፤ ጉዳዬን ዳኛ እንዲያይልኝ እጠይቃለሁ። ከሥሩ የልጅየዋና የጠበቃው ስልክ ቁጥር። የተጻፈው ሁሉ እውነት ይሁን፤ የማትኖርበትን አድራሻ እንደምትኖርበት አድርጎ መጻፍ ከመዘግየቷ የባሰ ያስጠይቃታል። ወረቀቱ ከፓስፖርቱ ጋር ይታጠፍና ከመሄዷ በፊት ባለው ምሽት አብራችሁ ተቀምጣችሁ በአማርኛ አንብቡላት፤ ጥያቄ ካላት ጠይቃ እስክትጨርስ አትነሡ።